ወንድሜ 70 ሰዓት ታስሮ ወጣ፣ ቤቴም ተቆለፈብኝ፤ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ» ብዬ የምሄደው ወደ ማን ነው?

ቁልፍ_ያጣች · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ባለቤት ኪራይ ጨምሪ አለኝ። ውላችን ገና አላለቀም፣ አልጨምርም አልኩት። ዓርብ ከሥራ ስመለስ የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። ልብሴ፣ ላፕቶፔ፣ የልጄ ደብተር ሳይቀር ውስጥ ነው። ወንድሜን ጠራሁት። መጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፣ በሩን በመዳፉ ደበደበ። ሰው ላይ እጁን አላነሳም። አከራዩ ፖሊስ ጠርቶ «ዛተብኝ» አለ።

ወንድሜ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ጣቢያ ገባ። የወጣው ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት በመታወቂያ ዋስ ነው። በመሃል ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አላየም። «ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው» ነው የተባልነው። ስልኩን ተቀብለው «ክፈተው» አሉት፣ ፈርቶ ከፈተላቸው። ቴሌግራሙን አንብበዋል። ስልኩ እስካሁን እዚያው ነው።

ጥያቄዎቼ፦ 48 ሰዓት የሚባለው ነገር እውነት አለ? ስልኩን መክፈት ግዴታው ነበር? አከራዩንስ ሕገ መንግሥታዊ መብቴን ጥሰሃል ብዬ መክሰስ እችላለሁ? አንድ ዘመዴ «ቀጥታ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤት በዪ» እያለኝ ነው።

---

ወረቀት_ላይ_አለ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

እህቴ፣ ወንድምሽ በሰላም ወጥቷል፣ ተመስገን በይና ሌላ ቤት ፈልጊ። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። ጣቢያ ላይ የለም። እኔ ስምንት ቀን ተቀምጬ ነው የወጣሁት። ማንም ምንም አልተጠየቀም።

---

ችሎት_አዳሪ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ጠበቃ ነኝ። ወረቀት ላይ አለ የሚለው ወንድሜ ያለው ነገር እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልክድም። ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳያውቁ መተው ደግሞ ሌላ ነው።

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ሦስቱም የተለያየ በር አላቸው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው መብት ስለሌለው ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ማመልከቻ ጠቅልሎ «ሕገ መንግሥቱ ተጣሰ» ብሎ የተሳሳተ ቢሮ ስለሚያስገባ ነው።

48 ሰዓት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜ አይቀነስም። እሁድ አይቀነስም። መርማሪው ለቅሶ ስለሄደም አይቀነስም። ተረኛ ችሎት የሚባለው ነገር የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 29 ላይ ይህንኑ 48 ሰዓት ይላል። ስለዚህ ሁለት መንግሥት ያለፈ ሕግ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም።

ወንድምሽ ወደ 70 ሰዓት ተቀምጧል። ጥሰት ነው። «ዛተ» በተባለ ሰው ላይ ፖሊስ ያን ሁሉ ሳይጠብቅ ዓርብ ማታውኑ በዋስ መልቀቅ ይችል ነበር። ሕጉ ቀላል በሆኑ ጉዳዮች ለፖሊስ ይህን ይፈቅድለታል (አንቀጽ 28)። ሰኞ ያደረጉት ያንኑ ነው፣ ሦስት ቀን ዘግይተው።

እስር ላይ እያለ ቢሆን ኖሮ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እንድታቀርቢ እነግርሽ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ያለው ነው። ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ በስሙ መማል ይችላል። እናት፣ ሚስት፣ እንዳንቺ ያለች እህት። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነው። ሰው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የመርማሪ ስልክ ይጠብቃል።

አሁን ወጥቷል። ስለዚህ የቀረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በያዙት ሰዎች ላይ ለፖሊስ የበላይ አካልና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት። ለኮሚሽኑ ለማመልከት ክፍያ የለም። ሁለተኛው የካሣ ክስ ነው። የሰውን ነፃነት ያለ ሕግ መንካት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ኃላፊነት ያስከትላል። ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ነው (አንቀጽ 2143)። «ሲረጋጋ እከሳለሁ» ብለሽ እንዳይረሳ።

ስለ ስልኩና ስለ ቤቱ ነገ እጽፋለሁ፣ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።

---

ጡረተኛ_መርማሪ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

በሌላኛው ጠረጴዛ በኩል የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። 26 ዓመት መርምሬያለሁ። ጠበቃው ያለው ትክክል ነው። ግን እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ዓርብ ከሰዓት የሚገባ ሰው ዕድለ ቢስ ነው። ተረኛው ይረከብና «መርማሪህ ሰኞ ይመጣል» ይላል። መርማሪው ሰኞ ሲመጣ መዝገቡ ላይ ገና ሦስት መስመር ነው ያለው። ክፋት ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ነው። ለታሳሪው ግን ልዩነት የለውም፣ አውቃለሁ።

ልጄ፣ አንድ ነገር አድርጊ። ጣቢያው «የዕለት ሁኔታ መዝገብ» አለው። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ የሚጻፍበት ትልቅ ደብተር ነው። ክስ ብትመሠርቺ ዳኛው የሚጠይቀው እሱን ነው። በጽሑፍ አመልክቺና የወንድምሽ የገባበት ሰዓት ስንት ተብሎ እንደተጻፈ እወቂ። ቶሎ አድርጊው።

ስልኩም ከተያዘ በዝርዝር ተጽፎ፣ ታዛቢ ፈርሞበት መያዝ አለበት። «እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ» የሚባል ኤግዚቢት የለም። እኔ በመሳቢያ ውስጥ የቀሩ ስንት ስልኮች አይቻለሁ።

እግረ መንገዴን ለሁላችሁም፦ ቃላችሁን ስትሰጡ ሳታነቡ አትፈርሙ። «ፈርምና ሂድ» የሚባለው ወረቀት ላይ ያላላችሁት ነገር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዝም ማለት መብት ነው። ይህንን ለታሳሪው መንገር የመርማሪው ግዴታ ነው። በዘመኔ የሚነግረው ከአስር አንዱ ነበር። እኔም ሁልጊዜ ነግሬያለሁ ብል እዋሻለሁ።

---

ወረቀት_ላይ_አለ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ተናገረ። ስምንት ቀን ስቀመጥ አንዱም «ዝም ማለት ትችላለህ» አላለኝም። «ዝም ካልክ እዚሁ ትከርማለህ» ነው ያሉኝ።

---

ችሎት_አዳሪ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

ለወንድሜ «ወረቀት ላይ አለ»፦ ያሉህ ነገር ራሱ ማስገደድ ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። በዚያ ቀን ለዳኛው ተናግረሃል? ዳኛ ፊት ስትቀርብ «ቃሌን የሰጠሁት ተገድጄ ነው፣ ይመዝገብልኝ» ካላልክ ከስድስት ወር በኋላ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ጮክ ብለህ በለው። ጸሐፊዋ መጻፏን አይተህ ተቀመጥ።

ስልኩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደብዳቤንና የስልክ ግንኙነትን በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን ጨምሮ በስም ይጠቅሳል። ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ክፈተው» ሲባል የሚመለሰው መልስ «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አላችሁ?» ነው። በትህትና፣ ሳይጨቃጨቁ። ወንድምሽ ፈርቶ ከፍቷል። ያኛው ወገን «በፈቃዱ ነው የከፈተው» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ሰዎች «አልከፍትም» ባይሉ እንኳ «አልፈቀድኩም፣ ታዝዤ ነው» እንዲሉ የምመክረው። አንዲቷ ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ትሠራለች።

አከራዩ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። አንቀጽ 13 መሠረታዊ መብቶችን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት የጣለው በየደረጃው ባሉ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኝነት አካላት ላይ ነው። አከራይሽ ከሦስቱም አይደለም። ቁልፍ የቀየረ ግለሰብ ነው። እሱን የምትይዢው በሕገ መንግሥቱ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ይሄ ደግሞ የሚያስከፋ ዜና አይደለም፣ የተሻለ መሣሪያ ነው።

ስሙ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። አንቀጽ 1149። ይዞታሽን የተነጠቅሽ ሰው ነሽ። ቤቱ የማን ነው የሚለው እዚህ ዋና ክርክር አይደለም። ቤቱ የእሱ ነው፣ ይሁን። ጥያቄው በእጅሽ የነበረውን ይዞታ በጉልበት ወስዷል ወይ ነው። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ አንቺ ግን በሁለት ቀን አቅርቢው። ከክሱ ጋር ንብረትሽ እንዳይነካ እግድ ጠይቂ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) በሥራ ላይ በዋለበት ከተማ ከሆንሽ ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ኪራይም አከራይ በፈለገ ጊዜ አይጨመርም። ውልሽ ተመዝግቧል?

---

ቁልፍ_ያጣች · ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

ተመዝግቧል! ወረዳ ሄደን ነው የተፈራረምነው። አንድ ቅጂ እናቴ ጋ አለ። ሁለተኛው... ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል 😭

---

ችሎት_አዳሪ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡04

እናትሽ ይባረኩ።

---

ሦስተኛ_ዓመት_ሕግ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልቃወም። ጠበቃው ሕገ መንግሥቱ ግለሰብን አይመለከትም ያሉ መሰለኝ። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ማንኛውም ዜጋ፣ የመንግሥት አካላት፣ ማኅበራት፣ ባለሥልጣኖቻቸውም ጭምር ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለሱ ተገዢ የመሆን ግዴታ አለባቸው ይላል። ዜጋ ማለት አከራዩም ነው። ስለዚህ በግለሰብ ላይም ይሠራል ብሎ መከራከር አይቻልም?

---

ችሎት_አዳሪ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡45

ጥሩ አየህ። ይቻላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ነው፣ በርታ።

ግን አስበው። ዳኛ ፊት ቆመህ አንቀጽ 9ን ስትጠቅስ የሚቀጥለው ጥያቄ «መፍትሔውስ?» ነው። አንቀጽ 9 «ቁልፏን መልስላት» አይልም። ካሣ በምን እንደሚሰላ አይነግርህም። አንቀጽ 1149 ግን «የተወሰደው ይመለስ» ይላል፣ አለቀ። ይህች እህታችን የሚያስፈልጋት የልጇ ደብተር ነው። ሕገ መንግሥቱን እንደ ማጠናከሪያ አንድ መስመር ጥቀስ፣ ክሱን ግን በእሱ ላይ ብቻ አታቁም።

---

የሰው_ኃይል_ክፍል · ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ይሄ ነገር በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚያስከፍል አንድ ገጠመኝ ልጨምር። የግል ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው።

አንድ ባልደረባችን ስለ አለቃው ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ስድብ አልነበረም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዘገየ ነው ያለው። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ልጁ አንባቢ ነው። «አንቀጽ 29፣ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት» ብሎ ተነሳ። ለዚህ ቢሮ ጻፈ፣ ለዚያ ቢሮ ጻፈ። በኪሱ ሕገ መንግሥቱን ይዞ ነበር የሚዞረው፣ ያቺን ትንሿን መጽሐፍ። በብዕር የተሰመረባት ነበረች። ሁሉም «እኛን አይመለከትም» እያሉ መለሱት። በአምስተኛው ወር ጠበቃ አገኘ።

ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «ደብዳቤው የደረሰህ መቼ ነው?» ብላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አልፎታል። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጥያቄ ግን ስድስት ወር ስላለው እሱን አተረፈችለት። ካሣውንና ያልተከፈለውን ደሞዝ ሳይሆን ሥራውን ነበር የፈለገው። ስንብቱ ሕገወጥ እንደነበር እኔ ራሴ አምናለሁ። በጊዜው ቢከስ ይመለስ ነበር ብዬም አምናለሁ።

በጣም ያናደደኝ ያ ሁሉ ደብዳቤ ነው። በየቢሮው ማኅተም አስመትቶ በፋይል አስቀምጦታል።

---

ቼክ_የተመለሰብኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

ክሩን ልጠልፍ አይደለም ግን ጥያቄ አለኝ። ለአንድ ሰው ዕቃ ሸጬ ቼክ ሰጠኝ። ባንክ ስሄድ ስንቅ (በሒሳቡ በቂ ገንዘብ) የለውም። ፖሊስ ጋ እከሰዋለሁ ስለው «በዕዳ ሰው አይታሰርም፣ ሰብዓዊ መብቴ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

---

ችሎት_አዳሪ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ግማሹን ነው ያነበበው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ላይ፣ ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላቃተው ብቻ አይታሰርም ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ይህ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ተበድሮ ያልከፈለን ሰው በፖሊስ ማስያዝ ስለዚህ ትክክል አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን ያደርገዋል።

ያንተው ሰው ጉዳይ ግን ዕዳ ብቻ አይደለም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚጠየቀው አልከፈልክም ተብሎ ሳይሆን የማይመነዘር ቼክ ሰጠህ ተብሎ ነው። ባንኩ የሰጠህን የመመለሻ ወረቀት አትጣል።

---

ስሜ_ይቅር · ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

እኔም አንድ አለኝ፣ ያሳፍረኛል። የጎረቤት ልጅ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከባሏ ጋር የተጣላችው ምናምን የሚል ጽሑፍ አለበት። ሰው በመንገድ እያየኝ ይስቃል። አጥፋው ስለው «የመናገር ነፃነት» አለኝ። እውነት መብቱ ነው?

---

ሦስተኛ_ዓመት_ሕግ · ሐሙስ፣ ቀን 7፡10

ይህችን እኔ ልመልስ፣ ባለፈው ሳምንት ነው የተማርነው 😅

እህቴ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር አላደረግሽም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይወጣም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ቲክቶክ ሳይታሰብ ማለት ነው። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍርድ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስና ለባህል፣ ወይም ሕዝብ በተሰበሰበበት ከተፈጸመ ነገር ጋር ሲገናኝ። ግቢሽ ውስጥ ልብስ ማስጣት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። እንዲያነሳው መጠየቅ ትችያለሽ፣ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ያስገድደዋል፣ ካሣም ይኖራል። ጽሑፉ ውሸት ከሆነ የስም ማጥፋት ነገርም አለበት።

የመናገር ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለ። ግን ያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 24ንም ይመልከት።

---

ችሎት_አዳሪ · ሐሙስ፣ ቀን 7፡25

ጎበዝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ከመጥፋቱ በፊት አስቀሪው። የስክሪን ፎቶ፣ የገጹ ስም፣ ቀኑ፣ ስንት ሰው እንዳየው። ያዩ ሁለት ምስክሮችም። ልጁ ሲሰማ ያጠፋውና «የትኛው ቪዲዮ?» ይላል።

---

ስሜ_ይቅር · ሐሙስ፣ ቀን 7፡40

አሁኑኑ። ይባርካችሁ። ልቤ ቀለል አለ።

---

ወረቀት_ላይ_አለ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡00

የዋስትናን ነገር ማንም አላነሳም። እኔ ስምንተኛው ቀን ላይ ነው «ዋስ ጥራ» የተባልኩት። እንደ ችሮታ ነው የሰጡኝ።

---

ጡረተኛ_መርማሪ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡45

ችሮታ አይደለም። መብቱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው፣ መከልከል ልዩ ሁኔታ ነው። ዋስትና የሚያስከለክሉ ከባድ ወንጀሎች አሉ፦ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣና ተጎጂው ሊሞት የሚችልበት ዓይነት። ሌላው የሚታየው ይጠፋል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ ተብሎ ነው። መርማሪ የጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ታሳሪውን ይዞ የመቆያ ጊዜ) ሲጠይቅም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም። ዳኛው «ምን ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። «ምርመራው አላለቀም» ብቻ መልስ አይደለም። እኔ ግን ስንት ጊዜ በዚያች መልስ 14 ቀን ተሰጥቶኛል።

ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህን ጻፉት።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ግን የ48 ሰዓቱም፣ የዋስትናውም ነገር ሊታገድ ይችላል። አንቀጽ 93 ሊነኩ የማይችሉ ብሎ የለያቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ከነዚያ ውስጥ 19 የለም። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን አለ። አዋጅም ቢታወጅ ሰው አይደበደብም ማለት ነው።

---

ቁልፍ_ያጣች · ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

ክሱን ዛሬ አስገባሁ! የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ጉዳይስ? ዘመዴ በየቀኑ እየደወለ ነው።

---

ችሎት_አዳሪ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ለዘመድሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም አካል ነው፣ ያ እውነት ነው። ብዙ አገር ይህን ሥራ ለፍርድ ቤት ይሰጣል፣ እኛ ጋ ለምክር ቤቱ ነው። በፊቱ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ 11 አባላት አሉት፣ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። አቤቱታሽ መጀመሪያ እዚያ ይታያል። ግን ግለሰብ የሚሄደው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ነው። ይግባኙ፣ ሰበሩ (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተትን የሚያየው ችሎት)፣ ሁሉም። አንቺ ገና የመጀመሪያውን መጥሪያ አላደረስሽም።

የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ የውርስ ጉዳይዋ ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነባት ሴት ሁሉንም ደረጃ ጨርሳ እዚያ ደርሳ አሸንፋለች። አንቀጽ 34 እንዲህ ያለ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው ስለሚል። ያንቺ ጉዳይ ግን የትርጉም ጥያቄ የለበትም። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ያልከበረው ሰው ነው ያለው።

የወንድምሽ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ (1234) በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉ፣ በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ መብቶችን ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። ገና ብዙ ያልተረገጠ መንገድ ነው። አቅም ካነሳችሁ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ እዚያ ጠይቁ።

---

ቁልፍ_ያጣች · ከ12 ቀን በኋላ፣ ማታ 2፡10

የዘገየሁት ነገሩ እስኪለይ ነው።

መጥሪያው ለአከራዩ በደረሰ በማግስቱ ደወለ። «ለምን ፍርድ ቤት ድረስ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለኝ። አዲሱን ቁልፍ በልጁ እጅ ላከ። ከሁለት ምስክር ጋር ገብቼ ዕቃዬን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ላፕቶፑ አለ። የልጄ ደብተር ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው፣ የሒሳብ የቤት ሥራው ገጽ ላይ። ክሱን ገና አላነሳሁም፣ ጠበቃው ቆይ ስላለኝ።

የወንድሜን ስልክ በማመልከቻ ጠይቀን ሰጡን። የመረከቢያ ወረቀት ስንላቸው እዚያው ጻፉልን። ማለትም ስልኩ ሲያዝ የተጻፈ ምንም አልነበረም።

አሁን ጋሼ መርማሪ የነገሩኝን መዝገብ። አላሳዩኝም፣ ግን ተረኛው አንብቦልኛል። የወንድሜ የገባበት ጊዜ «ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ነው የሚለው። ዓርብ አይደለም! አንድ ሌሊት ጠፋ።

---

ጡረተኛ_መርማሪ · ማታ 2፡35

ጠብቄው ነበር። ለዚያ ነው ቶሎ ያልኩሽ። ግን ቁጠሪው እስቲ። ከቅዳሜ ጠዋት 3 እስከ ሰኞ ከቀኑ 9 ስንት ነው?

---

ሦስተኛ_ዓመት_ሕግ · ማታ 2፡38

54 ሰዓት!! በራሳቸው መዝገብ እንኳ አልፈዋል።

---

ወረቀት_ላይ_አለ · ማታ 2፡41

😂😂 ሲዋሹ እንኳ አላሰሉትም። እኔም የራሴን ላስቆጥር ነው መሰለኝ። ሁለት ዓመት አልሞላኝም፣ ሦስት ወር ይቀረኛል።

---

ችሎት_አዳሪ · ማታ 3፡00

ና፣ የግል መልዕክት ላክልኝ። ሦስት ወር ብዙ አይደለም።

እህቴ፣ 54ቱ ይበቃል፣ ግን የዓርብን ሌሊትም እንፈልጋለን። ዓርብ ማታ ጣቢያ ውስጥ ወንድምሽን ያየው ሰው ማን ነው? እራት ያደረሰለት? ብርድ ልብስ?

---

ቁልፍ_ያጣች · ማታ 3፡04

እኔ ነኝ ያደረስኩት። ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ተኩል። በር ላይ ያለው ፖሊስ ምግቡን ቅመሺ ብሎኝ ቀምሻለሁ። ሣህኑ እስካሁን እዚያው ነው፣ ክዳኑ ላይ የእናቴ ስም በቀለም ተጽፎበታል።